በመጨረሻው መስመር የተለዩ ካርዶች

ለምሳ ሊዘጋ አምስት ደቂቃ ሲቀረው የካርድ ክፍልን መስኮት የሚያንኳኳ ሰው አይወደድም። ወጣቱ ሐኪም ይህን አያውቅም ነበር። በጠባቡ መስኮት አንገቱን አስግጎ፣ በሆስፒታሉ የጉበት ዕጢ በቀዶ ሕክምና የወጣላቸውን ሰዎች ካርድ በሙሉ ማየት እንደሚፈልግ ተናገረ።

«የስንት ጊዜ?» አለችው መስኮቱ ላይ የነበረችው ልጅ።

«የአሥራ አንድ ዓመት።»

ከኋላዋ የምሳ ዕቃቸውን እየከፈቱ የነበሩት የክፍሉ ኃላፊ ሳቃቸው አመለጣቸው። «ልጄ፣ የአሥራ አንድ ዓመት ካርድ ለቅመህ እስክትጨርስ አንተም ጡረታ ትወጣለህ፣ እኔም እሞታለሁ።»

«ጋሼ፣ እርስዎ እስኪሞቱማ ሁለቴ ቆጥሬ እጨርሳለሁ» አላቸው።

ልጅቷ ፊቷን ወደ መደርደሪያው አዞረች። ስትስቅ እንዲያያት አልፈለገችም።

የድሮ ካርዶች ያሉት ምድር ቤት ነው። በሲባጎ ታስረው እስከ ጣሪያ ተቆልለዋል። ሐኪሙ ሥራውን በጨረሰ ቁጥር ወደዚያ ይወርዳል፤ ሲወጣ ቅንድቡ ሳይቀር ነጭ ሆኖ ነው። ኃላፊው «ዶክተር አቧራ» ብለው ስም አወጡለት። ስሙ ሳምንት ሳይሞላው ቀዶ ሕክምና ክፍል ድረስ ወጣ።

በሦስተኛው ቀን ምን እንደሚፈልግ ጠየቀችው። ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ ጉበት ሳለላት።

«ጫማ ነው እንዴ?»

«ሥዕሌ ነው የከፋው እንጂ ጉበትስ ያምራል» አለና በቀኝ በኩል ትልቅ ክብ አደረገበት። «እዚህ ጋ የሕፃን ጭንቅላት የሚያህል ዕጢ ይበቅላል እንበል። ያንን ወገን ቆርጦ ለማውጣት ሁለት መንገድ አለ። በድሮው መንገድ ጉበቱ መጀመሪያ ከያዙት ጅማቶች ሁሉ ይፈታና ወደ ግራ ይገለበጣል። ከጀርባው ያለው ትልቁ የደም ሥር በደንብ ከታየ በኋላ ነው የሚቆረጠው። ትልቅ ዕጢ ግን መገላበጥ አይወድም። ሲጫኑት ይደማል፣ አንዳንዴም ይፈነዳል።»

«ሁለተኛውስ?»

«ሁለተኛው ከፊት ነው። ጉበቱን ካለበት ሳያነቃንቁ፣ ከላይ ጀምሮ በቀስታ እየቆረጡ እስከ ደም ሥሩ መውረድ። የታመመው ወገን የሚነካው መጨረሻ ላይ ነው።»

«ታዲያ ይኼ አይሻልም?»

«እታች ጥልቁ ጋ መድማት ከጀመረ እጅ ቶሎ አይደርስበትም። የቱ እንደሚሻል ሁሉም ያወራል፤ የቆጠረ ግን የለም። ካርዶቹ ይንገሩን ብዬ ነው።»

ካርዶቹ ግን በቀላሉ የሚናገሩ አልነበሩም። ፕሮፌሰሩ፣ የቀዶ ሕክምናው አለቃ፣ የሚጽፉት ዶሮ የጫረችው ይመስላል። ሐኪሙ አንዱን ገጽ ሩብ ሰዓት አፍጥጦበት ሲያቅተው ልጅቷ ከትከሻው በላይ አየችና እንደ ጋዜጣ አነበበችለት። ሰባት ዓመት የሐኪም ጽሑፍ ስታነብ የኖረች ናት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሷ ታነባለች፣ እሱ ይጽፋል።

የካርድ ክፍል የራሱ አሠራር አለው። ካርድ የሚለየው በመጨረሻው መስመር ነው። ሰው ሆዴን ብሎ መጥቶ ልቡ ታሞ ከተገኘ ካርዱ ከልብ ሕሙማን ጋር ይቀመጣል፤ ከላይ የተጻፈውን የሚያየው የለም። ኃላፊው ሃያ ስምንት ዓመት እንዲህ ሠርተዋል፤ እሷንም ያስተማሯት ይህንኑ ነው።

«ዶክተር፣ አራት ገጽ ለማንበብ ለምን ይደክማሉ?» አለችው አንድ ቀን። «ከታች ያለችውን መስመር ይዩ። በየትኛው መንገድ እንደወጣ እዚያ ላይ አለ።»

ቀኑን ሙሉ ቆሞ የዋለ ሰው ነው። መስመሯን አያት፤ ቀጥሎ ልጅቷን አያት።

«እስከ ዛሬ የት ነበርሽ?»

«እዚሁ ነበርኩ። አቧራው ከልሎኝ ይሆናል።»

ሥራው ተቃለለ። በጠረጴዛው ላይ ሁለት ክምር ሆነ፤ በግራ የድሮው መንገድ፣ በቀኝ የፊቱ። በመካከላቸው ሁለት ወንበር።

የሞተ ሰው ካርድ ሲገጥማት አንድ ልማድ ነበራት። አንብባ ስትጨርስ ትንሽ ዝም ትላለች፤ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ ከዚያ ካርዱን እንደሚተኛ ሕፃን ቀስ አድርጋ ታስቀምጠዋለች። መጀመሪያ አልገባውም ነበር።

«ምን እያልሽ ነው?»

«ነፍስ ይማር ነዋ። ሰው አይደሉም እንዴ?»

ብዕሩን አስቀመጠ። ላይ ቤት፣ እነዚህ ሰዎች በሞቱበት ፎቅ፣ እንደዚያ ሲባል ሰምቶ አያውቅም ነበር። ከዚያ ወዲያ እሷ ዝም ስትል እሱም ዝም ይላል። አንድ ቀን ዝምታው ረዘመ፤ ካርዱ ከተቀመጠ በኋላም ሁለቱም አልተነቃነቁም።

«ቀጥል እንጂ» አለችው በመጨረሻ።

«እርስዎ» ማለቷን የተወችው ያኔ ነው። ሁለቱም ሰምተውታል፤ ሁለቱም እንዳልሰሙ ሆኑ።

ካርዶቹ መቶ ሃያ ስድስት ሆኑ። ከፊት ከተሠራላቸው ሃምሳ አንድ ሰዎች ሆስፒታል ውስጥ የሞቱት ሁለት ብቻ ነበሩ። በድሮው መንገድ ከተሠራላቸው ሰባ አምስት ሰዎች የሞቱት አሥራ ሦስት። ወጣቱ ሐኪም ይህን በትልቁ አዳራሽ ሲያቀርብ ሰላሳ ዓመት ጉበት ሲያገላብጡ የኖሩት ፕሮፌሰር ተነሥተው «እንግዲህ በሽምግልናዬ ተማሪ ልሁን» አሉ። ሆስፒታሉ ለትልልቅ ዕጢዎች ወደ ፊቱ መንገድ ዞረ። ልጅቷ በአዳራሹ የኋላ በር ቆማ ታየው ነበር። ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል ዓይኑ የፈለገው እሷን ነበር።

በወሩ እሑድ ቀን፣ አባቷን ሊያናግር ቤታቸው ሄደ።

አባቷ ጡረታ የወጡ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ናቸው። ሚስታቸው ሲሞቱ ልጃቸው አምስት ዓመቷ ነበርና፣ የምትቀመጥበት ሰው አጥተው ከወንበራቸው ጀርባ አስቀምጠዋት ከተማውን ሲዞሩ ነው ያሳደጓት። እስካሁንም «ረዳቴ» ነው የሚሏት።

«ሥራህ ምንድን ነው?» አሉት፣ እያወቁ።

«ቀዶ ሐኪም ነኝ አባባ።»

«ሰው መቅደድ ነው በለኛ! ረዳቴ፣ ይኼን ሰውዬ ቢላዋ እንዳታስነኪው።»

«አባዬ!»

«ምን አልኩ? እኔ ሰላሳ ሁለት ዓመት ሰው ሳሳፍር አንድ ሰው አልቀደድኩም።»

ሳቁ። እሱም እየሳቀ ሳለ ዓይኑ የአባቷ ቀበቶ ላይ አረፈ። ከመጨረሻው ቀዳዳ አልፎ በምስማር የተበሱ ሦስት አዳዲስ ቀዳዳዎች ነበሩበት። ፊታቸውን አየ፤ ቢጫ ያለውን የዓይናቸውን ነጭ አየ። ሳቁ ከፊቱ ላይ ጠፋ።

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ትንሽ ጋደም ይበሉልኝ። ሆድዎን ልይ።»

«ልጄን ልትጠይቀኝ መጥተህ ሆዴን? ልጄንስ እሺ ብዬሃለሁ!»

ቢሆንም ጋደም አሉ። እጁ ከቀኝ ጎናቸው አጥንት ሥር ገብታ ቀስ ብላ ሄደች፣ ሄደች፣ ቆመች። ልጅቷ እጁን አልነበረም የምታየው፤ ዓይኑን ነው። ዓይኑ ወደ እሷ ላለመዞር ሲታገል አየች፤ ሌላ የሚነግራት አላስፈለጋትም።

ዕጢው ትልቅ ነበር። ከትልቁ የደም ሥር ጋር ተጣብቆ ነው ያደገው። ፕሮፌሰሩ ፎቶውን መብራት ላይ አድርገው ብዙ ቆዩ።

«ለዚህ ሰውዬ እኔ ብሆን የድሮውን እመርጥ ነበር» አሉ። «ከመቁረጤ በፊት ጀርባውን ማየት እፈልጋለሁ። ቁጥሩ ግን ሌላ ነው የሚለው። እኔም ቁጥሩን ተቀብያለሁ።» ወደ በሽተኛው ዞሩ። «ሁለቱንም ነግሬዎታለሁ። ይምረጡ።»

አባቷ ሐኪሞቹን አላዩም። «ረዳቴ፣ ካርዱን ሁሉ ያነበብሽው አንቺ ነሽ። አንቺ ምን ትያለሽ?»

ወጣቱ ሐኪም ከአልጋው ግርጌ ቆሞ ነበር። ለአንድ አፍታ አየችው።

«ከፊት» አለች።

«እኔስ ዕድሜዬን ሙሉ በፊት በር ግቡ ስል አይደል የኖርኩት!» አሉና ፈረሙ። ከዚያ የሐኪሙን እጅጌ ያዝ አደረጉ። «አንተ አጠገቤ ቁም። የሚቀድዱኝ እሳቸው ቢሆኑም፣ የማውቀው ሰው ይኑር።»

በቀዶው ቀን ካርድ ክፍል ቁጭ ብላ ጠበቀች። ኃላፊው መስኮቱን ራሳቸው ይዘው እሷን ከኋላ አስቀመጧት። ሁለት ሰዓት አለፈ፤ አራት ሰዓት አለፈ። በስድስተኛው ሰዓት ዶክተር አቧራ ወረደ። አጠገቧ ተቀመጠ። አቧራ የለበትም፤ ግን ፊቱ ነጭ ነበር።

እታች ጥልቁ ጋ ደምቷል። ፕሮፌሰሩ የፊቱን መንገድ ትተው ጉበቱን ገልብጠው ነው መድማቱን ያቆሙት፤ ዕጢው ወጥቷል። የፈሰሰው ደም ግን ብዙ ነበር።

አባቷ ሁለት ቀን ቆዩ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ዓይናቸውን ገልጠው ፈለጓት።

«ረዳቴ፣ ደረስን?»

«ደርሰናል አባዬ።»

«ሰው ሁሉ ወርዷል?»

«ሁሉም ወርዷል።»

«እንግዲያ አንቺም ውረጂ» አሉ። ሌላ አልተናገሩም።

ወደ ሥራ የተመለሰችው በሦስተኛው ሳምንት ነው። ወጣቱ ሐኪም በእነዚያ ሳምንታት ከጎኗ አልተለየም ነበር፤ ውሃ ያቀርብላታል፣ ካልበላች እሱም አይበላም። ሐዘኑ ከባድ ቢሆንም ለሁለት የተያዘ ሐዘን ነበር። ነገሩ በዚያ ቢያበቃ ኖሮ ይችሉት ነበር።

ያን ዕለት ጠዋት ከላይ የወረደውን የካርድ ክምር መለየት ጀመረች። ኃላፊው አንዱን ቀድመው ሊያነሡት እጃቸውን ሲሰድዱ ዘገዩ፤ የአባቷ ካርድ እጇ ገብቷል። «እኔ ላስቀምጠው ልጄ» አሏት። ራሷን ነቀነቀች። ሥራዋ ነው፤ ለአባቷም የምታደርገው የመጨረሻ ሥራ ይኸው ነው። በልማድ ዓይኗ ወደ ታች ወረደ።

«ጉበቱ ተገላብጦ ዕጢው ወጥቷል» ይላል የመጨረሻው መስመር።

እጇ ካርዱን ይዞ፣ የድሮው መንገድ ክምር ወደ ተቀመጠበት መደርደሪያ ሄደ። እዚያው አየር ላይ ቆመ።

አባቷ የገቡት ከፊት ነው። በካርድ ክፍል ሕግ ግን የሞቱት በድሮው መንገድ ነው።

«ጋሼ» አለች። «ከዚህ በፊት ስንት እንደዚህ አስቀምጫለሁ?»

ሰባ አምስቱን የድሮ መንገድ ካርዶች አወረደች። በዚህ ጊዜ ከመጀመሪያው መስመር ጀምራ፣ አንድ ቃል ሳትዘል አነበበች። ሦስት ቀን ፈጀባት። ዘጠኙ ከፊት ተጀምረው፣ መሃል ላይ ደምተው ወይም አልሆን ብለው፣ በድሮው መንገድ ያለቁ ነበሩ። ከዘጠኙ ስድስቱ ሞተዋል።

ቁጥሩን የጻፈችበትን ወረቀት ይዛ ሐኪሙን ደረጃው ላይ አገኘችውና ሰጠችው። ሐኪም ነው፤ ማስረዳት አላስፈለጋትም። ከፊት ከተጀመረላቸው ስድሳ ሰዎች የሞቱት ስምንት፤ በድሮው ከተጀመረላቸው ስድሳ ስድስት ሰዎች የሞቱት ሰባት። ሁለቱ መንገዶች እኩል ለእኩል ነበሩ። ያ ሁሉ ልዩነት የፊቱ መንገድ የራሱን ሙታን በጎረቤቱ መቃብር በመቅበሩ የመጣ ነው።

ደረጃው ላይ ቁጭ አለ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ።

«በመጨረሻው መስመር ለየው ያልኩህ እኔ ነኝ።»

«አንቺ የካርድ ሠራተኛ ነሽ። ሐኪሙ እኔ ነኝ። አራቱንም ገጽ ማንበብ የኔ ሥራ ነበር።»

«አባቴ የጠየቀው እኔን ነው! አንተን አልጠየቀህም።»

ሌላ ሰው ቢሆን ጥፋቱን አንዱ በአንዱ ላይ ይወረውር ነበር። እነሱ ግን እንደ ውርስ ተሻሙበት። እያንዳንዳቸው ሙሉውን ለራሳቸው ፈለጉ፤ ለሌላው ቁራሽ እንኳ ሊያካፍሉ አልወደዱም። ሰው ደስታውን ለብቻው ቢበላ ይታዘቡታል፤ ጸጸቱን ለብቻው ሲበላ ግን ማንም አይከለክለውም። ቤት የሚያፈርሰው እሱ ነው።

በሳምንቱ ሐኪሙ እዚያው አዳራሽ፣ እዚያው ሰው ፊት ቆሞ ቁጥሩን አረመ። «ካርዶቹን ሳላነብ ለየሁ። ስህተቱ የኔ የብቻዬ ነው» አለ። ስለ ካርድ ክፍል አንድ ቃል አልተነፈሰም። ፕሮፌሰሩ ጭንቅላታቸውን በእጃቸው ይዘው ከሰሙ በኋላ በዝግታ ጠየቁት።

«እንግዲያ ለዚያ ለመጨረሻው ሰውዬ የቱ ይሻለው ነበር?»

«አላውቅም ፕሮፌሰር። ካርዶቹም አያውቁም።»

ልጅቷ በኋላ በር ቆማ ነበር። ስሟን ስላልጠራ ሰው ሁሉ ጨዋ ነው አለው። እሷን ግን ያ ነው የጎዳት። ከጥፋቱ ሲያወጣት አብረው ከሠሩትም ሁሉ ያወጣት መሰላት።

ኃላፊው ያን ሰሞን ምሳቸውን መክፈት ትተው ነበር። «ሕጉስ የኔ አይደል?» አሏት አንድ ቀን፣ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ። «ሃያ ስምንት ዓመት! ማን ያውቃል ስንቱን ያለቦታው እንደቀበርኩ። ብቻ ልጄ፣ ፈጣሪ ካርዳችንን እንደኛ ከታች አያነብም። ከላይ ጀምሮ ነው የሚያነበው። እኔ በዚያ ነው የምጽናናው። አንቺም ልጁን አትግፊው።»

ልትገፋው አልፈለገችም። ከሁለት ወር በኋላ በሆስፒታሉ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው እጇን ሲይዘው አልነጠቀችውም።

«እንጋባ» አላት። «አባባ ፈቅደውልኝ ነበር። ሆዳቸውን እያየሁም ቢሆን ፈቅደውልኛል።»

ፈገግ አለች፤ ፈገግታዋ ግን አልቆየም።

«አንተን ሳይ ደስ ይለኛል» አለችው። «ችግሩ እሱ ነው።»

«ደስታ እንዴት ችግር ይሆናል?»

ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየ፤ ጠበቃት።

«አባዬ ምን ትያለሽ ሲለኝ መጀመሪያ ያየሁት አንተን ነው። ከዚያ ከፊት አልኩ። በየቀኑ ራሴን እጠይቃለሁ፤ ያንን ያልኩት ካርዶቹን አምኜ ነው ወይስ የአንተ ሥራ ስለሆነ፣ አንተን ደስ እንዲልህ ነው? ፕሮፌሰሩ እኮ ለዚህ ሰውዬ የድሮው ይሻላል ብለው ነበር። ሰላሳ ዓመት የሠሩ ሰው ናቸው። እኔ ግን አልሰማኋቸውም፤ አንተን እያየሁ ነበር።»

«የኔ ዓለም...»

«መልሱን ባውቀው አገባህ ነበር። የትኛውም መልስ ቢሆን። አላውቀውም።»

የሰውን ሆድ ከፍቶ ማየት የሚችል ሰው፣ ይህንን ከፍቶ የሚያይበት መንገድ አልነበረውም፤ ከፊትም ሆነ ከኋላ።

«እጠብቅሻለሁ» አላት።

አትጠብቀኝ ማለት ነበረባት። አላለችም።

በዓመቱ መጨረሻ ሩቅ ከተማ ያለ ሆስፒታል ተመደበ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ፣ አባቷ በሞቱበት ቀን ከሰዓት በኋላ ይደውላል። ብዙ አያወሩም። ደህና ነሽ ይላታል፤ ደህና ነኝ ትለዋለች፤ ቀሪው ዝምታ ነው። አንዳንዴ ዝምታው አሥር ደቂቃ ይሆናል፤ የሁለቱም ነበርና ማንም አይቸኩልበትም።

አራት ዓመት እንዲህ አለፈ። በአምስተኛው ዓመት አንድ ጠዋት ለጸሎት ቆማ ሳለች ጥያቄው በልቧ የለም። እንዴት እንደሄደ አታውቅም። መልስ አላገኘችም፤ ጥያቄው ብቻ እንደ ቆየ እንግዳ ተነሥቶ ወጥቷል። ካርዶቹን አምና ተናግራ ከሆነ አምና ነው፤ ፍቅር አናግሯት ከሆነም ፍቅር ነው፤ አባቷ ግን የጠየቁት ያቺኑ፣ ሁለቱም ያለባትን ልጃቸውን ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ አልቅሳ ቀለላት።

ቀኑ እስኪደርስ ሦስት ሳምንት ቀርቶ ነበር። ልትደውልለት ስልኩን አንሥታ መልሳ አስቀመጠችው። በራሱ ቀን፣ በራሱ ሰዓት ሲደውል ልትነግረው ፈለገች። የምትለውን በልቧ ብዙ ጊዜ አሳመረችው፤ እያሳጠረች እያሳጠረች መጥታ በመጨረሻ አንዲት ቃል ብቻ ቀረች።

በቀኑ፣ በሰዓቱ ስልኩ ጮኸ።

«ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ። ዛሬ እንኳ የምነግርህ አለኝ።»

«እኔም አለኝ» አለ። ድምፁ ፈራ ተባ ይል ነበር። «አንቺ ቅደሚ።»

«አይ፣ አንተ ቅደም።»

ዝም አለ። ይህ ዝምታ እንደ ድሮው የሁለቱ አልነበረም፤ እሱ ብቻውን ያለበት ዝምታ ነበር። አወቀችው።

«በሚቀጥለው ወር ላገባ ነው» አለ። «እዚህ የምትሠራ ነርስ ናት። ደግ ሰው ናት። ስላንቺ ሁሉንም ታውቃለች። ደውለህ ንገራት ያለችኝም እሷ ናት። እሺታሽን ካንቺ አፍ ሳልሰማ... አልሆንልኝ አለ። ብዙ ጠበቅሁ እኮ።»

«አውቃለሁ። ጠብቀሃል።»

«ትቀየሚኛለሽ?»

«ደስ ይበልህ» አለችው። «ከልቤ ነው። እሷንም ደስ ይበላት።»

ከልቧም ነበር። በዚህ አትጠራጠርም።

«አንቺስ?» አላት፣ ሲተነፍስ እየተሰማት። «ምን ልትነግሪኝ ነበር?»

«እኔማ... ደህና መሆኔን ነው። ቀለለኝ ልልህ ነበር።»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለ፣ ድምፁ ተሰብሮ። ተሰነባበቱ።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ከጆሮዋ ሳታነሣው ቆየች። ከዚያ፣ የሚሰማት በሌለበት፣ ሦስት ሳምንት ስታሳጥራት የከረመችውን ያቺን ቃል አለቻት።

«ና።»